ምፀት በእጅ ሲነገር

በእኛ ትምህርት ቤት ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢበረታ ጥቁር ሹራቧን የማታወልቅ አንዲት ሴት አለች። አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች ሐዘን ላይ ያለች ይመስላቸውና በሹክሹክታ «ማን ሞቶባት ነው?» እያሉ ይጠያየቁ ነበር። ማንም አልሞተባትም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስለሆነች፣ እጆቿ ከልብሷ ጋር እንዳይመሳሰሉና ጎልተው እንዲታዩ ብላ ነው። እኛም በስሟ መጥራቱን ትተን «ባለሹራቧ» እንላታለን። ቅር ብሏት አያውቅም።

እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። በመምህራን ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ፣ ከምነግራችሁ ውስጥ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች።

አንድ ታላቅ ወንድም አላት። በአራት ዓመቱ ትኩሳት ታሞ ሲነሳ ጆሮው አልተመለሰም። ከቤተሰቡ ውስጥ ከእሱ ጋር እንደ ልብ በእጅ የምታወራው እሷ ብቻ ነበረች፤ እናታቸው «ይቺ ልጅ አፏን ሳትፈታ እጇን ፈታች» ይሉ ነበር አሉ። ወንድሟ ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ትቶ አናጺ ሆነ። እሷ እስከ አስራ ሁለተኛ ተማረችና እንግሊዝኛ ጣላት። ከዚያ በኋላ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማ የሰው ወረቀት አባዛች። ትምህርት ቤታችን አስተርጓሚ እንደሚፈልግ የሚናገረውን ማስታወቂያ ያባዛችው ራሷ ናት። ሃምሳ ቅጂ አወጣችና ሃምሳ አንደኛውን ኪሷ ከታ ሄደች። ስድስት ወር ሰልጥና ተቀጠረች።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ መስማት የማይችሉ ሦስት ተማሪዎች ነበሯት። ሁለቱ በየምክንያቱ ቀሩ። አስራ አንደኛ የደረሰችው አንዷ ብቻ ናት። መስማት የማይችሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የእጅ ስም አላቸውና፣ የዚህች ልጅ ስም ጣትን ጉንጭ ላይ ጫን ማድረግ ነበር፤ ስርጉድ ስላላት። እኔም ስርጉድ እላታለሁ።

ነገሩ የተነሳው የእንግሊዝኛው መምህር ወደ ሥነ ጽሑፍ ምዕራፍ የገቡ ጊዜ ነው። መምህሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማሩ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሰው ናቸው። አንድ ነጠላ ሰረዝ የጎደለው ወረቀት ካዩ ቀጥለው ስለማያነቡ ተማሪው ሁሉ «ነጠላ ሰረዝ» ይላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ነው የሚያስተምሩት፤ ንግግራቸውም እንደ ዘነበ ነው፣ መቼ እንደሚያባራ አይታወቅም።

አንድ ቀን «አይረኒ» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። በእንግሊዝኛ አብራሩት፤ ሰውየው የሚናገረው ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ ሲሆን ነው አሉ። ባለሹራቧ ቃሉን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። አስተርጓሚ ደግሞ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጊዜ የለውም፤ አፍ ከሮጠ እጅ ይከተላል። ለስርጉድ ፊደል በፊደል በጣቷ ቆጠረችላት። ስርጉድ ቅንድቧን አነሳች፦ «ምን ማለት ነው?» የሚናገረው ሌላ፣ የሚያስበው ሌላ። የባለሹራቧ እጅ ቶሎ ያገኘው ምልክት አንድ ነበር። ውሸት።

በሳምንቱ አጭር ፈተና ተሰጠ። ስርጉድ ጎበዝ ስለሆነች ማብራሪያም ምሳሌም አድርጋ ጻፈች፦ «አይረኒ ውሸት ነው። ትንሹ ወንድሜ ሳህን ሰበረና ድመቷ ናት አለ። ወንድሜ አይረኒ ተናገረ።»

ነጠላ ሰረዝ ወረቀት ሲመልሱ የማን እንደሆነ ሳይናገሩ ይህንን አነበቡት። ስልሳ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ስርጉድ ሳቁን አልሰማችም፤ የተከፈቱ አፎች ግን አየች። ወደ አስተርጓሚዋ ዞረች።

«ምን ተባለ?»

ባለሹራቧ ስትነግረኝ «እዚያ ላይ መዋሸት እችል ነበር» ብላኛለች። «‹ስለ ሌላ ነገር ነው› ማለት ይቻላል። ግን ክፍሉ ውስጥ የተባለው ሁሉ በእጄ ማለፍ አለበት። ደስ የሚለኝን ብቻ ካሳለፍኩ አስተርጓሚ ሳልሆን ወንፊት ሆንኩ ማለት ነው።»

ስለዚህ ነገረቻት። «ያንቺን መልስ አነበቡ። በእሱ ነው የሚስቁት።» ከዚያም አስተርጓሚ መጨመር የማይገባውን ጨመረች፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ።»

ስርጉድ ትክ ብላ አየቻት። እጆቿን ሰብስባ ዴስኩ ሥር ከተተችና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። መስማት ለማይችል ሰው ዓይንን ማዞር ማለት ጆሮን መድፈን ነው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አልተመለሰችም፤ ባለሹራቧም የሚያያት ሰው ሳይኖር እጇን እያንቀሳቀሰች ጨረሰች።

ወደ መምህራን ክፍል ስትገባ ፊቷ ልክ አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«አንዲት ልጅ አሳስቄባት መጣሁ» አለችና አልፋኝ ቀጥ ብላ ወደ ነጠላ ሰረዝ ጠረጴዛ ሄደች።

«መምህር፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት አስቀድመው ሊሰጡኝ ይችላሉ?»

«ለምንሽ? አንቺ አታስተምሪም።»

«አላስተምርም። ግን እርስዎ የሚሉት ሁሉ በእኔ ገብቶ ነው የሚወጣው። እኔ ውስጥ ከጠፋ እሷ ጋ አይደርስም።»

«ቃሉን ፊደል በፊደል ቁጠሪላታ። በቃ።»

«ቆጠርኩላት። ምን ማለት ነው አለችኝ። ውሸት ነው አልኳት።»

ነጠላ ሰረዝ መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ መልስ... ያንቺ ነበር?»

«የእኔ ነበር። የተሳቀው ግን በእሷ ነው።»

ሰውየው መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። «ነጥቡን አልመልስላትም» አሉ። «የተጻፈው ስህተት ነው፤ ማንም ያስተምራት ማን።»

«ነጥብ መቼ ጠየቅኩዎት? ወረቀቱን ነው የጠየቅኩዎት።»

መሳቢያቸውን ከፍተው አራት ገጽ ሰጧት። አርባ ሁለት ቃላት። ሜታፎር፣ ሲሚሊ፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሃይፐርቦሊ፣ አሊተሬሽን... እያለ ይወርዳል። «ከነዚህ ሃያው የማጠቃለያ ፈተና ላይ ይመጣል። የትኞቹ እንደሆኑ አልነግርሽም።»

«እኔም አልሰማዎትም» አለች።

ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ቆጠረች። ከአርባ ሁለቱ የምታውቀው ሦስት ነው። ወረቀቱን እያየች «እንግዲህ ወይ አንተ ወይ እኔ» ስትል ሰማኋት።

ከማግስቱ ጀምሮ ትርፍ ክፍለ ጊዜ ባገኘች ቁጥር ዘጠነኛ ክፍል እየገባች የእንግሊዝኛ ትምህርት ትከታተል ጀመር። ከኋላ ወንበር፣ ልጆቿ ሊሆኑ በሚችሉ ተማሪዎች መሀል። «ቲቸር ወደቀች እንዴ? ደገመች?» ይባባላሉ። «አዎ፣ ደገምኩ፤ ጠጋ በሉልኝ» ትላቸዋለች። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያላገጡባት ልጆች በሦስተኛው ሳምንት የቤት ሥራ ይቀዱባት ነበር።

አንዲት ትንሽ ደብተር ገዛች። በግራ ገጽ ላይ ቃሉ፣ በቀኝ ገጽ ላይ ሰው ሲናገር የሰማችው ነገር። ለካ አብዛኛውን በአማርኛ ክፍል ተምራው ኖሯል፤ ተነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ፣ ግነት። «ልብስ ቀይረው መጥተው አላወቅኳቸውም እንጂ ዘመዶቼ ናቸው» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በእሷ ፊት አፍ መክፈት አደጋ ሆነ። ዘበኛው «መቶ ጊዜ ነግሬያችኋለሁ!» ብሎ ሲጮህ ደብተሯ ይወጣል፤ ግነት። ጸሐፊዋ «ይሄ በር ዛሬ አልከፈትም ብሎ አኮረፈኝ» ስትል ይወጣል፤ ሰውኛ። አንድ ቀን እኔ አርባ ካርታ አርሜ ስጨርስ «ራሴ ሊፈነዳ ነው» አልኩ።

«ጋሼ ካርታ፣ ይሄ ግነት ነው ወይስ ተለዋጭ?»

«ራስ ምታት ነው» አልኳት።

ስርጉድ ግን ከዚያ ሳቅ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ እጇን ነፈገቻት። ሰሌዳውን ትገለብጣለች እንጂ ቀና ብላ አታያትም። በአራተኛው ቀን ባለሹራቧ ደብተሯን ዴስኩ ላይ አስቀመጠችላት። ልጅቷ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ስርዝ ድልዝ የበዛበት፣ የተሳሳተ፣ የታረመ ጽሑፍ ነው።

«አንቺ የምታውቂው መስሎኝ ነበር» አለች በእጇ።

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ አላውቅም ለምን አላልሽኝም?»

«አፈርኩ።»

ስርጉድ ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔ በቀን ሃያ ጊዜ አላውቅም እላለሁ። አይገድልም።»

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሁለቱም የባለሹራቧ ወንድም አናጺ ቤት መሄድ ጀመሩ። ቃሉን ማወቅና በእጅ መናገር ለየቅል ናቸው፤ አብዛኞቹ ቃላት ምልክት የላቸውም፣ መፍጠር ነበረባቸው። ለዚህ ደግሞ ከወንድሟ የበለጠ እጅ የሚያውቅ ሰው የለም። የሥራ ቤቱ ከቆርቆሮ የተሠራ ነው። መሬቱ በፍቅፋቂ ተሸፍኗል፤ ግድግዳው ላይ መጋዞች በቁመታቸው ተሰቅለዋል። ወንድሟ ከጆሮው ጀርባ እርሳስ የማይለየው፣ ነገረኛ፣ ከሥራው ቀና ሳይል ሁሉን የሚያይ ሰው ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ባለሹራቧ ሥራ ልታግዘው ብላ መላጊያውን አንስታ አንድ ጣውላ ላይ ሁለት ጊዜ ሳበችበት። ጠርዙ ተቦጨቀ። ወንድሟ ጣውላውን አነሳ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ በእጁ «በጣም ጎበዝ» አላት። እጁ እንደዚያ ሲል ግን የዓይኑ ቆብ ወርዶ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነበር።

ስርጉድ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አለቻት ባለሹራቧ። «ጎበዝ አይደል ያለኝ?»

«ጎበዝ ያለው እጁ ነው። ፊቱማ ጣውላዬን ፈጀሽብኝ ነው የሚልሽ።»

ባለሹራቧ መላጊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ይሄ ነው!» አለች፤ መጀመሪያ በአፏ፣ ከዚያ በእጇ። «አይረኒ ይሄ ነው! አልዋሸም እኮ። እንዲገባኝ ፈልጓል። ውሸታም እንዲታወቅበት አይፈልግም፣ ይሄ ግን እንዲታወቅለት ነው!»

ወንድሟ ግራ ገባው። «ምን አደረግኩ?»

«ምፀት ተናገርክ። በእንግሊዝኛ አይረኒ ይባላል።»

«ሰው ይሄን ለመማር ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው?» አለና ወደ መጋዙ ተመለሰ።

በዚያኑ ቀን ምልክቱን ሠሩለት። ቀኝ መዳፍ ወደ ሰው ተዘርግቶ፣ ግራው ከኋላው ተገልብጦ። ከፊት ያለው የተባለው ነው፤ ከኋላ ያለው የታሰበው። ወንድሟ አይቶ «ግራው ትንሽ ብቅ ይበል፤ ካልታየማ ውሸት ይሆናል» ብሎ አስተካከለላቸው።

እንዲህ እያሉ በየቅዳሜው ሁለት ሦስት ቃል ይዘው ይመለሱ ጀመር። የነገሩን ድምፅ ለሚያስመስሉ ቃላት፣ እንደ «ሲጥጥ»ና «ጓ» ላሉት፣ ወንድሟ የስርጉድን መዳፍ ጣውላው ላይ አስቀምጦ መጀመሪያ በመጋዝ ሳበ፣ ቀጥሎ በመዶሻ መታ። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ቆየችና «አንዱ ረጅም ንዝረት ነው፤ አንዱ ዝላይ» አለች። «ቃሉም እንደዚያው ይላል ማለት ነው?» እንደዚያው ይላል አሏት።

አሊተሬሽን ላይ ግን ተያዙ። በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ ቃላት ሲደጋገሙ ነው። ድምፅ! ባለሹራቧ በቀላሉ «በአንድ ፊደል የሚጀምሩ» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር፤ ግን አንዴ ተቃጥላለች። በእንግሊዝኛ ፊደልና ድምፅ እንደማይተማመኑ ባልና ሚስት ናቸው። «ሲቲ» እና «ካት» ሁለቱም በሲ ይጻፋሉ፤ አንዱ «ስ» ይላል፣ ሌላው «ክ»። «ፎን» በፒ ተነስቶ «ፍ» ይላል። «ናይፍ» የምትለው ቃል ፊት ለፊት የቆመችው ኬይ ጭራሽ አፏን አትከፍትም።

«ታዲያ ድምፁን በምን ልወቀው?» አለች ስርጉድ።

ሁለት ሳምንት መልስ አላገኙም። ወንድሟም ለዚህ ብልሃት አልነበረውም። መንገዱን የከፈተችው ራሷ ልጅቷ ናት። ሰም የሚቀባ በር አጠገብ ተቀምጣ እጇን እያፍታታች ሳለ በአንድ የእጅ ቅርጽ ብቻ፣ በተጨበጠ እጅ፣ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች፤ ጠንካራው ሰው መዶሻውን ጨብጦ በሩን መታ። ሁሉም ምልክት ጭብጥ ነው። «እኛ ጋ ይሄ ነው» አለች። «ቅርጹ ይመለሳል፣ ይመለሳል፣ ይመለሳል። እናንተ ጋ ደግሞ ድምፁ።» ወንድሟ ሥራውን ትቶ «ድገሚው» አላት። ደገመችው። እሱም በተዘረጋ መዳፍ ብቻ መልስ ሰጣት፤ ከዚያ ቀኑ እስኪመሽ ሁለቱ ሲፎካከሩ ዋሉ፣ ባለሹራቧን ማንም አላያትም።

ስርጉድ ነገሩ ምን እንደሆነ ገባት ማለት ነው። የቀረው ድካም ብቻ ነበር። ባለሹራቧ በትልቅ ካርቶን ላይ ሠንጠረዥ ሠራች፤ ይህ ፊደል ከዚህ ሲገጥም እንዲህ ይላል፣ እዚህ ቦታ ዝም ይላል። እያንዳንዱን ቃል ይዛ እየመጣች «ጋሼ ካርታ፣ እስቲ ይሄን በልልኝ» ትለኛለች፤ እላለሁ፣ ትጽፋለች። ስርጉድ ሠንጠረዡን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ በቃሏ ያዘችው። በስህተት ጀመረች፤ ከሃያ ሰባት፣ ከሃያ አስር፣ ከሃያ አስራ አምስት እያለች ወጣች።

ለማጠቃለያ ፈተናው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነጠላ ሰረዝ ወደ እኛ ጠረጴዛ መጡ። ስርጉድም አጋጣሚ ሆኖ እዚያ ነበረች።

«የአሊተሬሽኑን፣ የድምፁን ጥያቄ ለእሷ ልቀይርላት አስቤያለሁ» አሉ ለባለሹራቧ። «ያልሰማችውን ልጠይቃት አይገባም።»

ከልባቸው ነበር። ባለሹራቧ ቃል በቃል አስተረጎመችላት። ስርጉድ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀችና ወደ እኔ በጣቷ አመለከተች። የመለሰችውን ባለሹራቧ ጮክ ብላ ተናገረችው።

«ልጆቹ አይተውት የማያውቁትን ውቅያኖስ በእሳቸው ትምህርት ይፈተኑ የለም እንዴ? እኔም ሰምቼ የማላውቀውን ድምፅ እፈተናለሁ።»

ነጠላ ሰረዝ እኔን አዩኝ፤ እኔም እሳቸውን። «አንተም ውቅያኖስ አይተህ አታውቅም?» አሉኝ።

«የት አግኝቼ፣ መምህር» አልኩ።

ጥያቄው ሳይቀየር ቀረ። በፈተናው ቀን ባለሹራቧ መመሪያውን ብቻ አስተርጉማ እጇን ኪሷ ከታ ግድግዳው ሥር ቆመች፤ በፈተና ሰዓት መርዳት ክልክል ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም እንዳልተቀመጠች ፈታኙ ነግሮኛል።

ስርጉድ ከሃያ አስራ ሰባት አመጣች። የድምፁን ጥያቄ አግኝታዋለች። ወጥመዱ «ናይት»፣ ፈረሰኛ ወታደር ማለት ነው፣ እና «ኪንግ» የሚሉ ሁለት ቃላት ነበሩ፤ ሁለቱም በኬይ ይጻፋሉ፣ የመጀመሪያዋ ኬይ ግን ድምፅ የላትም። ጆሮ ካላቸው ተማሪዎች አስራ አንዱ ዓይናቸውን አምነው ተሳስተዋል። ከሳተቻቸው ሦስቱ አንዱ ግን አሁንም የባለሹራቧ ጥፋት ነበር፤ ሁለት ተቀራራቢ ቃላትን አምታትታ አስተምራት ነበር። ወረቀቱ እንደተመለሰ ራሷ ሄዳ ነገረቻት፦ «ይሄኛውን እኔ ነኝ ያሳትኩሽ፤ በትክክል አላውቀውም ነበር።» ስርጉድም «አወቅሽው አሁን?» ብላ ብቻ ጠየቀች።

ነጠላ ሰረዝ ከዚያ በኋላ የሳምንቱን ትምህርት ዓርብ ዓርብ ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀምጡላት ጀመር። ወደ ሰሌዳው መዞራቸውን ግን እስከ ጡረታቸው አልተዉም። ሲዞሩ ባለሹራቧ ዴስክ ታንኳኳለች፤ «ይቅርታ፣ ልጄ» ብለው ይመለሳሉ፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይዞራሉ።

ባለሹራቧ በሚቀጥለው ዓመት በግል ተመዝግባ ያንን የጣላትን የአስራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ፈተና እንደገና ተቀመጠች። ያገኘችው ውጤት የሚያስጨፍር አልነበረም፤ ግን ያሳልፋል። አሁን በሳምንት መጨረሻ ኮሌጅ ትማራለች፣ ሁለተኛ ዓመት ሆናለች። ስርጉድ ራቅ ያለ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በስልክ ቪዲዮ ትልክላታለች፤ ብዙውን ጊዜ ለማጉረምረም ነው፣ እዚያ ያለው አስተርጓሚ አላውቅም ማለት ያፍራል ብላ።

ከአርባ ሁለቱ ቃላት ሠላሳ ስድስቱ ምልክት አግኝተዋል። ስድስቱ እስከ ዛሬ አስቸግረዋል። ባለፈው ሰኞ ባለሹራቧ ለአንዱ ምልክት ያገኘች መስሏት እየሮጠች አናጺ ቤት ሄዳ ለወንድሟ አሳየችው። እሱም መዶሻውን አስቀምጦ በደንብ ካየላት በኋላ «አይሆንም፤ ይሄ ‹ወንበር› ይመስላል» አላት። ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ስደርስ እጆቿን ፊቷ ላይ አንስታ ሌላ እየሞከረች ነበር።